እትዬ ስንዱን ‹‹ዝምተኛ›› ያላቸው ማነው?

ባለፈው ሰሞን እትዬ ስንዱን ቀበርናቸው። ለቅሶው ጋብ ብሎ፣ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ክብ ሠርቶ እንደቆመ፣ ክራባቱ እምብርቱን አልፎ የወረደ አንድ ወጣት ወደ ፊት ወጣና ወረቀት ዘርግቶ የሕይወት ታሪካቸውን ማንበብ ጀመረ። የወንድማቸው ልጅ ነው አሉ። ‹‹ወይዘሮ ስንዱ ትሑት፣ ዝምተኛ፣ ከማንም ጋር ክፉ ቃል ያልተለዋወጡ…›› ሲል፣ የማላውቀው ሰው ቀብር ላይ የቆምኩ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ ሰዉን አየሁ። ሰዎቹ የራሳችን ሰዎች ናቸው። ሳጥኑ ላይ ያለውንም ፎቶ ያነሳሁት እኔው ነኝ። እንግዲያው ስህተቱ ወረቀቱ ላይ ነው።

ዝምተኛ! እትዬ ስንዱ! እኚህ ሴትዮ አትላስ ላይ ቆመው ሲያስነጥሱ እኮ ቦሌ ለማረፍ ጎማውን ያወረደ አውሮፕላን አንድ ዙር ጨምሮ ይዞር ነበር። ክፉ ቃልን በተመለከተ ደግሞ፣ ከሳቸው ክፉ ቃል ሳይቀምስ የቀረ የአካባቢያችን ወንድ ካለ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ ላጤ ነው። የሞተች ሴት ሁሉ የምትሸኝበት አንድ የተዘጋጀ ወረቀት ያለ ይመስለኛል፤ ስሟን እየቀየሩ ያነቡታል። ትሑት፣ ዝምተኛ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ አበቃ። ንዴቴ ዛሬም አልበረደም። ወረቀቱ ትክክለኛ ሰው እስኪያገኝ ድረስ እኔው ልጻፈው።

ደርግ በወደቀ ሰሞን አትላስ አካባቢ አንዲት ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ስፋቷ ለሙሽራዋ ቀሚስ ይበቃል፤ ሙሽራው በር ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ከግድግዳዬ ወዲያ የእትዬ ስንዱ መድኃኒት ቤት ነበረ። ግድግዳ ስላችሁ ለስሙ ነው። እሳቸው ወዲያ ማዶ ‹‹በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ!›› ሲሉ፣ የኔ ደንበኛ ካሜራ ፊት ቁጭ ባለበት ‹‹እሺ እትዬ›› ብሎ ይመልሳል።

አጭር፣ ደልደል ያሉ ሴት ነበሩ። ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ያንኑ መነጽር ሲፈልጉ ይውላሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፋርማሲ የተማሩ ናቸው። ሰው ‹‹ዶክተር›› ብሎ ሲጠራቸው ግን ይቆጣሉ። ‹‹ዶክተር አይደለሁም! ዶክተሩ ሲሳሳት ስህተቱን አሽጌ የምሸጥልህ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሳልሸጥልህ በፊት ጥያቄ አለኝ›› ይላሉ። ጥያቄያቸው ደግሞ የፖሊስ ጣቢያ ነው። የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ የገባ ሰው የአማቱን የደም ግፊት ሳይቀር ተናዞ ይወጣል።

እግራቸው ሲደክማቸው እኔ ዘንድ መጥተው፣ ለሙሽሮች ያዘጋጀኋት ቀይ ቬልቬት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ስሜን እያወቁ አንድም ቀን ጠርተውኝ አያውቁም፤ ‹‹አንተ ፎቶ!›› ነው የሚሉኝ። ያቺ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሚያነሷቸው ነገሮች ሁሉ ደም ሥራቸውን የሚገትረው አንድ ቃል ነበር፤ ‹‹ጠባይ›› የሚለው።

‹‹ስማ አንተ ፎቶ፣ ወንድ ልጅ ሲከሳ ‹ታሟል› ይባላል። ሴት ስትከሳ ‹ጠባይዋ አቃጥሏት ነው›። ወንድ ሲደክመው ‹ሥራ በዝቶበት›፣ ሴት ሲደክማት ‹ስንፍና ጠባይዋ ሆኖ›። ሐኪሙም እኮ ያው ነው! ‹ነርቭ ነው› ብሎ ቫይታሚን ጽፎ ይልካታል። ደሟን ሳያይ! ጠባይ ከመባሉ በፊት ደም ይታይ!››

‹‹ደም›› ሲሉ ሆርሞን ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ሆርሞን የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው ከዶሮ መኖ ጋር ነበር። እሳቸው ግን ለማንም በሚገባ መንገድ ያስረዳሉ። አንዲት ጉሊት የምትቸረችር ሴት ስትጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ፦

‹‹ሰውነትሽ ውስጥ ወያላ አለ፣ እናቴ። አንዱ ከአንገትሽ፣ አንዱ ከጭንቅላትሽ፣ አንዱ ከማህፀንሽ አጠገብ ተነስቶ በደምሽ ውስጥ ይሮጣል። ‹ሂድ›፣ ‹ቀስ›፣ ‹ወራጅ አለ› እያለ ለሾፌሩ የሚጮኸው እሱ ነው። ወያላው ዝም ካለ መኪናው ፌርማታ ላይ ቆሞ ይቀራል። ከልክ በላይ ከጮኸ ደግሞ መኪናው ይከንፋል። ይሄ ሁሉ ሲሆን መንገደኛው ማንን ነው የሚሰድበው? ሾፌሯን! አንቺን!››

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ሱፍ የለበሰ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሚመስል ሰውዬ መጣ። በግድግዳው በኩል ሁሉም ይሰማኛል።

‹‹ለባለቤቴ የሚያረጋጋ ነገር ይስጡኝ።››

‹‹ምን ሆነች?››

‹‹ኧረ ጠባይዋ አስቸግሮኝ ነው። ሃምሳ ልትደፍን ነው፤ ድንገት ሞቀኝ ትልና መስኮት ትከፍታለች። ፊቷ ይቀላል፣ በላብ ትጠመቃለች። አንድ ነገር ስናገራት ታለቅሳለች። ቅብጠት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።››

ጠባይና ቅብጠት፣ በአንድ ትንፋሽ! ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ከልቤ አዘንኩለት።

‹‹ና እስቲ›› አሉት በለሰለሰ ድምፅ። ያ ድምፅ ነው የሚያስፈራው። ክንዱን ይዘው ወደ ፎቶ ቤቴ አስገቡትና ቬልቬቷ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ‹‹አንተ ፎቶ! ያቺን ኮትህን አምጣ።››

ኮቷ ለደንበኛ የማውሳት ናት። ኮት የሌለው ሁሉ እሷን ደርቦ ነው ፎቶ የሚነሳው፤ የአካባቢው ወንድ በሙሉ በአንድ ኮት ነው ለልጅ ልጅ የተላለፈው። ከተሰፋች ጀምሮ ውኃ ነክቷት አያውቅም። እሷን በሱፉ ላይ ደረቡለት። በላይዋ የኔን ካፖርት፣ በካፖርቱ ላይ ደግሞ ጋቢ ጨመሩበት። ከዚያ ‹‹መብራቱን አብራ›› አሉኝ። ሁለቱ መብራቶቼ እንቁላል ይጠብሳሉ።

‹‹ፈገግ በል›› አሉት።

‹‹ወይዘሮ… ሞቀኝ እኮ።››

‹‹ቅብጠት ነው።››

‹‹እባክዎ ላውልቀው!››

‹‹ስትናገራት ታለቅሳለች አልክ? እስቲ አንተ አልቅስ።››

ሰውዬው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ላቡ በክራባቱ ላይ ይንጠባጠባል። ያን ጊዜ መብራቱን አስጠፉኝና ጋቢውን ከላዩ እያነሱ እንዲህ አሉት፦ ‹‹አየህ፣ አንተ ታወልቀዋለህ። እሷ ግን ማውለቅ አትችልም፤ ከውስጥ ነው የለበሰችው። በዚህ ዕድሜ አንዱ ሆርሞን ሲቀንስ የሚመጣ ነገር ነው። ሐኪም ዘንድ ውሰዳት፤ የሚረዳት ነገር አለ። እስከዚያ መስኮቱን አንተ ተነስተህ ክፈትላት።››

ሰውዬው ከዚያ ወዲህ በፎቶ ቤቴ ፊት ባለፈ ቁጥር ክራባቱን ያላላ ነበር።

ይሄ እንግዲህ ጨዋታው ነው። አሁን ወደማልስቅበት ልምጣ።

በመስኮቴ ላይ ለማስታወቂያ ከሰቀልኳቸው ፎቶዎች መካከል የምኮራባት አንዲት ሙሽራ ነበረች፤ አስካለ። ባሏ ሽፈራው አሰብ መስመር የሚሠራ የቦቴ ሹፌር ነው፤ ቤታቸው ከሲኤምሲ ጀርባ፣ ያን ጊዜ ከግማሽ በላይ እርሻ የነበረው ጋ። አስካለ በሠርጓ ቀን ስትስቅ ካሜራው እጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ጥቅል ፊልም አበላሽታብኛለች። የምትናገረው ቶሎ ቶሎ ነው፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች። ቅንድቧ ደግሞ በብሩሽ የተሣለ ነበር የሚመስለው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት ጠራራ ፀሐይ፣ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ ጋቢ የተከናነበች አንዲት ሴት በቀስታ ገባች። ፊቷ አብጧል፤ ድምፅዋ ጎርንኖ የወንድ መስሏል።

‹‹ፎቶ…›› አለች፤ ‹‹ለመታወቂያ…›› በሁለቱ ቃላት መሐል ሚኒባስ ያልፋል። ቀበሌ የድሮ መታወቂያዋን አይተው ‹‹እዚህ ላይ ያለችው አንቺ አይደለሽም፤ አዲስ ፎቶ አምጪ›› ብለዋት ነው። እኔም ማን እንደሆነች አላወቅኋትም። ዞር ብላ በጣቷ መስኮቴን አሳየችኝና ‹‹ያቺ… እኔ ነኝ›› አለችኝ።

አነሳኋት። እንግዲህ የፎቶ ቤት ሥራ ማለት፣ በተለይ ያን ጊዜ፣ ግማሹ ካሜራ ነው፤ ግማሹ እርሳስ። ኔጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ የሰውን ጠባሳ እንሸፍናለን፣ መጨማደድ እናጠፋለን። ካልነካካነው ደንበኛው ‹‹ይሄ እኔ ነኝ?›› ብሎ ይጣላናል። አስካለን ላሳምራት እርሳሴን ቀርጬ ገና ልጀምር ስል እትዬ ስንዱ እግራቸውን ሊያሳርፉ ገቡ።

‹‹እርሳሱን ጣል!››

ጩቤ የያዝኩ ይመስል ጣልኩት።

የደረቀውን ህትመት አንስተው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ‹‹የቅንድቧ ዳር ዳሩ የት ሄደ?››

‹‹ልሥለው ነበር።››

‹‹ሥለኸው ቢሆን ኖሮ ጣቶችህን ነበር የምቆርጣቸው። ማናት?››

የመስኮቱን ሙሽራ ሳሳያቸው ክፈፉን ከነሚስማሩ ነቀሉት። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ይዘው በር ላይ ብርሃን ጋ ቆሙ። ጎረቤት ከሆንን ጀምሮ እንደዚያ ሲያዝኑ አይቼ አላውቅም። ‹‹አራት ዓመት›› አሉ። ‹‹በአራት ዓመት ሰው እንዲህ አያረጅም። ሳትመረመር አልምልም፤ ነገር ግን አንገቷ ሥር ያለችው እጢ፣ ይቺ ታይሮይድ የምትባለው፣ ሥራ ያቆመች ይመስለኛል።››

አስካለ በማግስቱ ፎቶዋን ልትወስድ ስትመጣ አስቀመጧትና ጠየቋት። ሲጠይቁ የሚያጣድፉት ሴትዮ፣ እሷን ግን ጠበቋት። እያንዳንዷን ቃል እየጠበቁ ከውስጧ አወጡት። ሁልጊዜ ይበርዳታል። ተኝታ ትነሳለች፣ ግን ድካሟ አይለቃትም። ስታበጥር ፀጉሯ በእጇ ይመጣል። የወር አበባዋ ሲመጣ ይበዛል፤ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርዶባታል። አንድ ሐኪም ‹‹ነርቭ ነው›› ብሎ ቫይታሚን ሰጥቷታል። አማቷ ‹‹ስንፍና ነው››፣ ጎረቤቶቿ ‹‹መተት ነው››፣ ባሏ ‹‹ጠባይ ነው›› ብለዋል።

‹‹እሑድ…›› አለች በመጨረሻ፤ ‹‹ሽማግሌ… ጠርቷል። ሊፈታኝ… ነው።››

እኔ እዚህ ላይ ነው የምፈነዳው! ይሄ ሰውዬ እኮ ሹፌር ነው። የመኪናው ድምፅ ትንሽ ከተለወጠ አዋሽ ላይ ቆሞ፣ በዚያ ሐሩር ከሥር ተንፏቅቆ ገብቶ፣ ችግሩን ሳያገኝ አይወጣም። የሚስቱ ድምፅ ሲለወጥ ግን ሽማግሌ ጠራ! ሞተር ሲደክም ‹‹ጠባይዋ ተበላሸ›› ያለ ሹፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እትዬ ስንዱ በዚያው ሳምንት አስካለን አብሯቸው የተማረ አንድ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙ አንገቷን ዳብሶ፣ ጉልበቷን መትቶ አይቶ፣ እሳቸው የጠረጠሩትን ጠረጠረ። ደም ተወሰደ። ውጤቱ ግን ከእሑድ በፊት አይደርስም ተባለ። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ‹‹አንተ ፎቶ፣ ሁለቱን ፎቶዎች ከነኔጋቲቩ ያዝና ተከተለኝ›› አሉኝ።

ሽፈራው ቤት ስንደርስ ሁለት ሽማግሌዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ሻምበል ደጀኔ ናቸው፤ ጡረታ ቢወጡም ድምፃቸው ገና ሰልፍ ላይ ነው። ሌላው ሐጂ ሰይድ፣ ከወሎ መጥተው ጨርቅ የሚነግዱ፣ ሰው ሲናገር ጢማቸውን እያሻሹ የሚያዳምጡ። አስካለ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ናት።

‹‹ወይዘሮ ስንዱ፣ ይሄ ሽምግልና ነው›› አሉ ሻምበል። ‹‹የምንጠብቀው ሦስተኛውን ሽማግሌ፣ አባባ ገመቹን ነው።››

‹‹የአባባ ገመቹ ላም ምጥ ላይ ናት። ጠዋት ከቤት ስወጣ መንገዴ ላይ አግኝቻቸው ‹አንቺ ግቢልኝ› ብለውኛል።›› እውነታቸውን ይሁን ውሸታቸውን ዛሬም አላውቅም።

‹‹ሴት ለባልና ሚስት ሽማግሌ ሆና ታይቶ ያውቃል?››

‹‹ምን ይጎድለኛል? ጢም ከሆነ፣ ሆርሞናቸው ተዛብቶ ጢም ያበቀሉ፣ ጓዳ ተደብቀው በምላጭ የሚላጩ ስንት ደንበኞች አሉኝ። ከእርስዎ ጢም የሚበልጥ ያላት አለች፣ ሻምበል። እሷን ላምጣት?››

ሐጂ ሰይድ ሳቃቸው አመለጣቸው። ‹‹ይቀመጡ በቃ፣ ሻምበል። እኔስ ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁ። ላሚቱን ስንጠብቅ ሊመሽብን ነው?››

ሽፈራው ክሱን አሰማ። ቤት ስገባ እንቅልፍ፣ ስወጣ እንቅልፍ። ወጥ ጥዳ ትረሳለች። ሳናግራት አትመልስም። ልጅም አልሰጠችኝም። ‹‹ሰው ያለበት ቤት አይመስለኝም። ጠባይዋ ፈጽሞ ተለወጠ›› ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ። ፍንዳታው ግን አልመጣም። እትዬ ስንዱ በረጅሙ ተነፈሱና ሁለቱን ፎቶዎች ከእጄ ተቀብለው ሽማግሌዎቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

‹‹ይቺን እዩ። ይቺን ደግሞ እዩ። ፊቷን፣ ቅንድቧን፣ አንገቷን። ይሄ በሽታ ነው። ደሟ ተወስዷል፣ ውጤቱ በቅርብ ይመጣል። እኔ የምለው፣ ውጤቱ መጥቶ እስክትታከም ፍርዱ ይቆይ ነው።››

ሽፈራው ፎቶዎቹን አየ፤ ቀና ብሎም በጣቱ ወደኔ ጠቆመ። ‹‹ይሄ ልጅ እኮ ፎቶ ያሳምራል! ሰው ሁሉ ያውቃል። ሙሽራዋን በእርሳስ ያሳመራት እሱ ነው። ድሮም እንዲህ ነበረች ማለት ነው፤ እኔ ነኝ የተታለልኩት!››

‹‹እውነቱን ነው!›› አሉ ሻምበል። ‹‹እኔን ያነሳኝ ጊዜ አሥር ዓመት ቀንሶልኛል።››

ይሄን ስሰማ እንባዬ መጣ፤ የንዴት ነው። አራት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው፣ ያቺን ፊት በየማለዳው ሲያይ የነበረ ሰው፣ የዱሮ ፊቷን ከኔ እርሳስ የመጣ ነው ይላል! ‹‹ሚስትህን አልነካኋትም!›› ብዬ ጮህኩ። ‹‹ምኗን ልንካ? የነካሁት አንተን ነው! ያንን አፍንጫህን በእርሳስ ያሳጠርኩልህ እኔ ነኝ፤ አታምንም? ይኸው ኔጋቲቩ!››

ሐጂ ሰይድ ኔጋቲቩን ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን አዩት፤ ገልብጠው አዩት። ‹‹አይ ልጄ›› አሉ፤ ‹‹በዚህ ላይ ሁሉም ሰው ጂኒ ነው የሚመስል።››

አለቀልን ብዬ ነበር። እትዬ ስንዱ ግን ‹‹ፎቶውን ተዉት›› አሉ። ‹‹እሷ ራሷ እዚህ አይደለችም? እሷን ጠይቋት።››

‹‹እሺ፣ አስካለ፣ ምን ትያለሽ?›› አሉ ሻምበል።

‹‹እኔ…››

‹‹ይኸው፣ መልስ የላትም።››

‹‹ሁልጊዜ እንደዚህ ነው›› አለ ሽፈራው።

ያን ጊዜ እትዬ ስንዱ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ትራፊክ ፖሊስ መኪና እንደሚያቆም፣ በዚያ ክፍል ያለነውን ወንዶች በሙሉ አቆሙን። አልተናገሩም። በሕይወቴ እትዬ ስንዱን ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለዚያ ወጣት ከወረቀቱ ላይ የምተውለት እውነት ካለ ይቺው ናት። ሻምበል አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ መዳፉ ወደሳቸው ዞረ። ሽፈራው ሊናገር ሲል ወደሱ ዞረ። ከውጭ የጎረቤት ራዲዮ ይሰማል። አስካለ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኛን አየች። የሚጠብቃት ሰው መኖሩን ለማመን ጊዜ ወሰደባት።

‹‹እኔ…›› አለች፤ ‹‹እሱ ሲመጣ… ልነሳ… እፈልጋለሁ። ሰውነቴ… እሺ አይለኝም።›› ሁላችንም ጠበቅን። ‹‹ጠባዬ… አይደለም። ያቺ…›› ፎቶውን ጠቆመች፤ ‹‹ያቺ… የት እንደሄደች… እኔም አላውቅም። እባካችሁ…›› መዳፉ አሁንም አልወረደም። ‹‹ፈልጉኝ።››

ሐጂ ሰይድ የሙሽራዋን ፎቶ ከጠረጴዛው አንስተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ‹‹ሠርጉ ላይ ነበርኩ›› አሉ። ‹‹ልጅቱ ራሷ አጠገቤ መጥታ ‹ሐጂ፣ ለእርስዎ የእስላም ሥጋ ለብቻ አስቀምጠናል› ብላኛለች። እየሳቀች። ይሄን እርሳስ አልሠራውም፣ ሽፈራው። ሰው ጠፍቶብናል፤ እኛ ደግሞ እሷን መፈለጉን ትተን ዕቃዋን ልናካፍል ተቀምጠናል። ቢያንስ ሐኪሙ እስኪናገር ድረስ ከዚህ ቤት አትወጣም።›› ሻምበልም ትንሽ አጉረምርመው፣ ‹‹ድምፅ ከተሰጠ እኔም እስማማለሁ›› አሉ። ድምፅ የጠየቃቸው የለም።

ውጤቱ መጣ። እትዬ ስንዱ የጠረጠሩት ነበር። ሐኪሙ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ትንሽዬ ክኒን አዘዘላት። እትዬ ስንዱ ሽፈራውን አቁመው እንዲህ ሲሉት በግድግዳው በኩል ሰማሁ፦ ‹‹ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ። ቁርስ ቆይቶ። ሐኪሙ በቀጠረ ጊዜ ደሟ እንደገና ይታያል፤ መጠኑን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም እሱ ነው፣ አንተ አይደለህም። ‹ተሽሏታል› ብለህ እንዳታስቆማት! አንተ አሰብ አንድ ጊዜ ደርሰህ ስትመለስ ‹ከእንግዲህ ናፍጣ አያስፈልግም› ትላለህ?››

በአንድ ቀን አልሆነም። ወራት ነው የፈጀው። መጀመሪያ ጋቢው ከላይዋ ወረደ። ከዚያ አንዱ ሹራብ። ከዚያ ቃላቶቿ እርስ በርስ መቀራረብ ጀመሩ። አንድ ቀን የአንድ ባለሥልጣን የሚመስል ሰው ፎቶ ሳነሳ ከግድግዳው ወዲያ ያ ሳቅ ፈነዳ፤ ካሜራዬ ተንቀጠቀጠ፣ ሰውዬው ሁለት ራስ ይዞ ወጣ። ብስጭት ቢልም ግድ አልሰጠኝም።

ደስታዬን ያበላሸብኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ሰፈሩ! አንዷ ‹‹መተቱ ተፈታላት››፣ ሌላዋ ‹‹ቫይታሚኑ ዘግይቶ ሠራ››። ከሁሉም የባሰው ግን ‹‹ምን ያለ ታጋሽ ባል ነው! ሌላ ቢሆን ይፈታት ነበር›› መባሉ ነው። ታጋሽ! ይቅርታ አድራጊ እሱ ሆኖ ቁጭ አለ፤ የተበደለችው፣ የታገሰችው፣ ይቅር ያለችው እሷ ሆና ሳለ! እትዬ ስንዱን ያመሰገነ የለም። ‹‹አፏ ባይከፋ ጥሩ ሴት ነበረች›› ነው የሚሉት። አፋቸው ባይከፋ አስካለ የት ነበረች?

ሽፈራውን ግን እውነቱን ልናገርለት። ሰውዬው ሐዋርያ ወጣው። ከአዋሽ እስከ ሚሌ ባለው መንገድ የደከማት ባለ ምግብ ቤት ሴት ካየ ምሳውን ትቶ ‹‹ይበርድሻል ወይ? ፀጉርሽ ይነቀላል ወይ? ጠባይ ነው ቢሉሽ እንዳትሰሚ፣ ደምሽን ታዪ›› ይላል አሉ። ሌሎቹ ሹፌሮች በየምግብ ቤቱ ያሏቸውን ወዳጆች እንዳያስኮበልል ፈርተው አብረውት መብላት ትተው ነበር። ከአስካለ ጋር ሴት ልጅ ወለዱ። ክርስትና እናቷ ማን እንደሆኑ አልነግራችሁም፤ ሕፃኗ ስትጠመቅ ከቄሱ ድምፅ በላይ የተሰማው ድምፅ የሳቸው ነበር።

እንግዲህ ወደ ቀብሩ ልመለስ። ወጣቱ ‹‹ዝምተኛ›› ብሎ አንብቦ ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ከሴቶቹ መካከል ‹‹ቆይ!›› የሚል ድምፅ ተሰማ። አስካለ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ቅንድቧ ግን ሙሉ ነው።

‹‹ዝምተኛ አልነበሩም›› አለች። ‹‹እሳቸው…›› እንባ ተናነቃትና ቆመች።

‹‹እህቴ፣ ሰዓት የለም›› አለ የእድሩ ሰብሳቢ። ‹‹ካህናቱ እየጠበቁ ነው፤ በል አንተ ልጅ፣ ጨርስ…››

ማን እንዳዘዘኝ አላውቅም፤ ቀኝ እጄ ተነሳ። መዳፌን ዘርግቼ ሰብሳቢው ፊት አቆምኩት። ወጣቱ ሊናገር ሲል ወደሱ አዞርኩት። በወዲያኛው በኩል አንድ ሌላ መዳፍ ተነስቶ አየሁ፤ ከዘራ ተደግፎ የቆመው የሽፈራው ነው። ሕዝቡ ጠበቀ። ካህናቱም ጠበቁ። አስካለ እንደዚያ እንደ ዱሮው ቀስ ብላ፣ በያንዳንዱ ቃል መካከል እየተነፈሰች፣ ዓረፍተ ነገሯን ጨረሰች።

‹‹እኔን… ጮኸው… ጮኸው… ነው የፈለጉኝ።››

የእትዬ ስንዱ የሕይወት ታሪክ ይኸው ነው። ያ ወጣት ወረቀቱን ያስተካክል።